«ወፍራሙን ጨምርበት!»

በአዲስ አበባ ጋራዦች እንደ ፓራሲታሞል ለሁሉም ሕመም የሚታዘዝ አንድ መድኃኒት አለ። መኪናዋ ጠዋት ስትነሳ ታንኳኳለች? ወፍራም ዘይት። ትጨሳለች? ወፍራም ዘይት። ዘይት ትበላለች? በጣም ወፍራም ዘይት። ልትሸጥ ነው? እሱማ ምኑ ይጠየቃል፣ መደርደሪያው ላይ ካለው ሁሉ ወፍራሙ! እናላችሁ በእኛ ከተማ የሞተር ዘይት ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ ወፍራምና ቀጭን። ወፍራሙ «አሪፍ» ነው፣ ቀጭኑ «ውሃ» ነው። ትምህርቱ እዚህ ላይ ያበቃል፣ ተመራቂዎቹም ጋራዥ ይከፍታሉ።

ይህ ልማድ ሞተር እየገደለ ነው ባይ ነኝ። «ጋዜጠኝነት የተማረች ልጅ ስለ ዘይት ምን አገባት?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። የሚያገባኝማ እንዲህ ነው፤ ጋዜጠኝነት ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር መልስ የማይሰጥ ሰው ፊት ቆሞ ጥያቄን መድገም ነው። «ቁጥሩ ስንት ነው?» ብዬ ጠይቄ «ወፍራሙ ነው» ከተባልኩ ጥያቄዬ አልተመለሰም።

መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ሞተር ውስጥ የሚሆነውን እንየው። ማታ መኪናዋን አቁማችሁ ስትገቡ ቀኑን ሙሉ ሲዞር የዋለው ዘይት ቀስ እያለ ወደ ታች፣ ወደ ማጠራቀሚያው ይወርዳል። ላይ ቴስታታው፣ ቫልቮቹና ካቴናው ጋ የሚያድረው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ጠዋት ቁልፉ ሲዞርና ሞተሪኖው ሲጮህ ፓምፑ ዘይቱን ከታች ስቦ በቀጫጭን ቦዮች ውስጥ እስከ ላይ ማድረስ አለበት። ዘይቱ እስኪደርስ ያሉት ጥቂት ሰከንዶች ብረትና ብረት ያለ በቂ ዘይት የሚፋተጉባቸው፣ ሞተር ክፉኛ የሚበላባቸው ሰከንዶች ናቸው። በተለምዶ የምትሰሙት «ከርርር» ወይም «ቲክ ቲክ» ይኸው ነው፤ ሞተሩ «ዘይት አልደረሰልኝም» እያለ ነው።

አሁን አስቡት እንግዲህ። ዘይት ቶሎ አልደረሰልኝም ብሎ ለሚጮህ ሞተር እኛ የምንሰጠው መልስ… ቶሎ የማይደርስ ዘይት!

በህዳር ጠዋት ማር ከጠርሙስ ለማውጣት ታግሎ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ለማያውቅ ደግሞ በቁጥር ላስረዳ። በየጋራዡ «ሃያ ሃምሳ» የሚባለው 20ደብሊው-50 እና ለብዙዎቹ ትንንሽ የጃፓን መኪኖች የሚታዘዘው 5ደብሊው-30 በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ቢነጻጸሩ የመጀመሪያው በግምት ሦስት እጥፍ ይወፍራል። 10 ዲግሪ ደግሞ ሩቅ አገር አይደለም፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠችው የእኛዋ አዲስ አበባ በህዳርና በታህሳስ ሌሊት ከዚያም በታች ትወርዳለች። ደብረ ብርሃንማ አይወራም።

«ደብሊው» ዊንተር፣ ማለትም ክረምት ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የቆመች ፊደል ናት። ከእሷ በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ይናገራል፤ ባነሰ ቁጥር በብርድ የቀለለ ነው። ከእሷ በኋላ ያለው ደግሞ ሞተሩ ሲግል፣ 100 ዲግሪ ላይ ሲለካ፣ ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀረው ነው። ስለዚህ 5ደብሊው-30 ጠዋትም «ውሃ» አይደለም፣ ቀን ላይም «ውሃ» አይሆንም። ይኼው ነው ምስጢሩ። በሁለት ቁጥር የተጻፈን ነገር «ወፍራም» በሚል አንድ ቃል ስንጠራው ግን ግማሹን፣ ያውም የጠዋቱን ግማሽ እንጥለዋለን።

መካኒኮቻችን አንድ መከራከሪያ አላቸው፤ «ይኼ የፈረንጅ አገር በረዶ ላለበት ነው፣ እኛ ጋ በረዶ የለም»። ግማሹ ልክ ነው፤ 20ደብሊው የሚባለው ዘይት የብርድ ፈተናውን የሚወስደው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ አይረጋም፣ ሞተሩም ይነሳል። ነገር ግን «ይነሳል» እና «ዘይቱ በጊዜ ላይ ደረሰ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰርግም እኮ ሙሽራው በሦስት ሰዓት ዘግይቶ ቢመጣ ይደረጋል።

ሌላው መከራከሪያቸው ይበልጥ ይከብዳል፤ «ለ30 ዓመት እንዲህ ነው የሠራነው»። ይህንን አልንቅም። ላዳ ታክሲዎቻችንን በሽቦና በብልሃት ስንት ዘመን ያሽከረከሩ እጆች ናቸው፣ ማንም ሊንቃቸው አይገባም። ላዳ ግን ቫልቩ በእጅ የሚስተካከል፣ ክፍተቱ ሰፋ ያለ፣ ወፍራም ዘይት የሚችል የድሮ ሞተር ነበር። ለላዳ «ሃያ ሃምሳ» ያለ መካኒክ ብዙም አልተሳሳተም። የተሳሳተው ያንኑ ጀሪካን ይዞ ወደ ቪትዝ ሲዞር ነው።

ምክንያቱም ቪትዝ ሌላ ፍጥረት ናት። በፈረንጆች 1999 ጃፓን ውስጥ ስትወጣ ቶዮታ ቪቪቲአይ የሚለውን ነገር ከጀመረ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። ቪቪቲአይ የቫልቮቹን የመከፈቻ ሰዓት እንደ ፍጥነቱ የሚያስቀድምና የሚያዘገይ አሠራር ነው። የሚንቀሳቀሰው በምን መሰላችሁ? በዘይት ግፊት! በእነዚህ ሞተሮች ዘይት ማለስለሻ ብቻ አይደለም፣ የሚሠራ እጅም ነው። በጠባብ ቀዳዳና በትንሽ ወንፊት አልፎ አንድን ክፍል በትክክለኛው ሰዓት መግፋት አለበት። የካቴናው መወጠሪያም በብዙዎቹ ላይ በዘይት ግፊት ነው የሚሠራው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሞተር በዝሆን መጠን የተሰፋ ዘይት ሰጥቶ «ጠዋት ለምን ትንኳኳለች?» ማለት ያስቃል። ባለቤቱን ግን አያስቀውም።

«ግን እኮ ወፍራሙን ስጨምር ድምፁ ቀነሰ!» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ይቀንሳል። ወፍራም ዘይት አንዴ ከደረሰ በኋላ የተበላውን ክፍተት እንደ ጥጥ ይሞላዋል፣ ምቱን ያለዝበዋል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው፤ መበላቱ አልቆመም፣ ሪፖርቱ ብቻ ነው የቆመው። (ሪፖርት በማፈን ችግር ይፈታል የሚል አስተሳሰብ ከጋራዥ ውጪም አጋጥሞኝ ያውቃል፣ ግን ዛሬ ስለ ዘይት ነው።)

ደግሞስ የምን ድምፅ ነበር? ማንም አልጠየቀም እኮ! ድምፅ ሁሉ አንድ ይመስል ለሁሉም አንድ ጀሪካን። ነገ ጠዋት ሞተሩ ገና ሳይነሳ ኮፈኑን ክፈቱና ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙርላችሁ። ለአንድ ሁለት ሰከንድ «ከርርር» ብሎ ጭጭ ካለ ብዙ ጊዜ ዘይቱ የካቴናው መወጠሪያ ወይም ቪቪቲአዩ ጋ እስኪደርስ ያለው ጩኸት ነው፤ ከወር ወር እየረዘመ ከሄደ ካቴናው ይታይ። ከላይ ከቴስታታው በኩል ፈጠን ያለ «ቲክ ቲክ ቲክ» ከሆነ የቫልቮቹ ነገር ነው፤ ወይ ክፍተታቸው ሰፍቷል፣ ወይ በዘይት የሚሞሉት መግፊያዎች ባዶ አድረዋል። ወይም ደግሞ ከዘይት ጋር ምንም የማይገናኘው የጭስ ማውጫው ጓርኒሲዮን ነው። እሱም ሲያፈስ ልክ እንደዚያው ቲክ ቲክ ይላል፤ ብረቱ ሲግል ይሰፋና ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ድምፁም ይጠፋል። ስንቱ ሰው ይሆን ለጓርኒሲዮን ሕመም የሞተር ዘይት የቀየረው!

ደብዘዝ ያለ «ዱብ ዱብ» ሞተሩ እስኪሞቅ ለጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚጠፋ ከሆነ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር እየተላተመ ይሆናል። ሲሞቅ ፒስተኑ ይሰፋል፣ ክፍተቱ ይጠባል፣ ዝም ይላል። ብዙ መኪኖች ከዚህ ጋር ዓመታት ይኖራሉ። «ሲጥጥ» የሚለው ደግሞ ቺንጋ ነው፣ ዘይት አይደለም፤ ተዉት ዘይቱን። ከሁሉም የሚያስፈራው ከታች የሚመጣው ጥልቅ «ዷ ዷ» ነው፤ ነዳጅ ስትሰጡት የሚጨምር፣ ሲሞቅም የማይለቅ። ያ የቢየላ ብሮንዚን ሊሆን ይችላል። አጥፉት፣ ተጎትቶ ይሂድ። እሱን በወፍራም ዘይት ዝም ማሰኘት ማለት ቢየላው የሞተሩን ግድግዳ በስቶ እስኪወጣ ጊዜ መስጠት ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ከመለየት በፊት የሚሠሩ ሁለት የርካሽ ሥራዎች አሉ። አንደኛው የዘይት መለኪያዋን መዘዝ አድርጎ ማየት። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ምርመራው አልቋል። ሁለተኛው ፊልትሮው። በብዙ ፊልትሮዎች ውስጥ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ኋላ ፈስሶ እንዳያልቅ የሚያግድ ስስ የጎማ ክዳን አለ። ርካሹና አስመስሎ የተሠራው ፊልትሮ ይህ ጎማው ይደርቃል ወይም ከመጀመሪያውም አይገጥምም፤ ስለዚህ ሌሊቱን ፊልትሮው ባዶ ያድራል፣ ፓምፑ ጠዋት መጀመሪያ እሱን መሙላት አለበት፣ ሞተሩም ያን ያህል ሰከንድ ደረቅ ይዞራል። የጠዋት «ከርርር» በፊልትሮ ለውጥ ብቻ ሲጠፋ ታያላችሁ። የሚገርመው በዘይቱ ላይ አንድ ሰዓት የሚከራከር ሰው ፊልትሮ ላይ ሲደርስ «ማንኛውንም አድርግ» ማለቱ ነው።

ስለ መጠኑም አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። እነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ከፊልትሮው ጋር የሚይዙት ከ3 እስከ 4 ሊትር ነው፣ እንደ ሞተሩ። ጀሪካኑ 4 ሊትር ስለሆነ ብቻ እስከ ጠብታው መገልበጥ ግን ባህል ሆኗል። «ከፍለሽበታል እኮ፣ ይግባ!» ከመጠን ያለፈ ዘይት በሚሽከረከረው ኮሎ እየተመታ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ አያለሰልስም። የተረፈውን ክዳኑን ዘግታችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

ከጥቂት ወራት በፊት የቤታችንን ቪትዝ ይዤ ስሟን ወደማልጠራት አንዲት ጋራዥ ሄድኩ። ታናሽ ወንድሜ አብሮኝ ነበር። ዕድሜው 17፣ መንጃ ፈቃድ የለውም፣ መሪ የጨበጠው በስልኩ ጨዋታ ላይ ብቻ ነው። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ማብራራቱን ጀመረ፤ ለማን? ለእሱ! ልጁ ደንግጦ ወደ እኔ ያያል፣ ሰውዬው ወደ እሱ ያወራል።

«ጋሼ፣ የሚጨምሩት ዘይት ቁጥሩ ስንት ነው?» አልኩ።

«የኔ እህት፣ አታስቢ፣ አሪፉን ነው የማደርግልሽ።»

«አሪፉ ስንት ቁጥር ነው?»

«ወፍራሙ ነው። ድምፁን ቀጥ ነው የሚያደርግልሽ።» ይህን ያለው ለወንድሜ ነው።

የዘይት መሙያውን ክዳን አንስቼ አሳየሁት። ክዳኑ ላይ 5ደብሊው-30 ተብሎ ተቀርጿል፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ እዚያው ነበር። ሰውዬው ክዳኑን አገላብጦ አየና «ይኼ እኮ ለጃፓን ነው» አለኝ። ደረሰኝ ስጠይቅ «ዘይት - 1» የሚል ወረቀት ተሰጠኝ። ዘይት አንድ! ስንት ቁጥር፣ የየትኛው ፋብሪካ፣ ስንት ሊትር፣ በስንት ኪሎ ሜትር… ምንም። ዳቦ ቤት እንኳ ዳቦው የስንት ግራም እንደሆነ ይጠየቃል።

ክዳን ላይ ያለው ጽሑፍ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። አብዛኞቹ መኪኖቻችን ያገለገሉ ሆነው የመጡ ናቸው፤ መጽሐፋቸው ወይ ጠፍቷል ወይ በጃፓንኛ ነው። ቁጥር ግን በጃፓንኛም ቁጥር ነው። ክዳኑ ላይ ከሌለ በመጽሐፉ ውስጥ የሙቀት መጠን መስመር ያለበትን ሠንጠረዥ ፈልጉ፤ ቋንቋ አያስፈልገውም። ስትገዙ ደግሞ የጀሪካኑን ጀርባ አዙሩ። «ኤስ» ብለው የሚጀምሩት ሁለት ፊደላት የቤንዚን፣ «ሲ» ብለው የሚጀምሩት የናፍጣ ሞተር ደረጃ ናቸው፤ በ«ኤስ» በኩል ሁለተኛው ፊደል ወደ ኋላኛው በሄደ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። «ኤስ ፒ» የወጣው በፈረንጆች 2020 ነው። «ኤስ ኤፍ» የሚል ካያችሁ ግን የታሰበው ከ1988 በኋላ ላልተሠሩ ሞተሮች ነው፤ ለአያታችሁ መኪና ግዙለት።

በሌላ ጽንፍ ያሉትም አሉ፣ እነሱንም አልምርም። ጀሪካኑ ወርቃማ ከሆነና «ፉል ሲንተቲክ» ካለ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚከፍሉ፣ ለ20 ዓመት መኪና ከገበያው ውድ የሆነውን 0ደብሊው-20 ገዝተው የሚፎክሩ። ፋሻው አልቆ ዘይት የሚያቃጥል ሞተር በውድ ዘይት አይድንም፤ ውድ ጭስ ብቻ ይኖረዋል። የጅቡቲን መስመር፣ የአፋርን ሙቀት ጭነት ተሸክሞ የሚያቋርጥ ሰው ደግሞ ከፍ ያለ ቁጥር ቢጠቀም አልከራከረውም፤ ራሱ የቶዮታ መጽሐፍ ለከባድ ጭነትና ለረጅም ከፍተኛ ፍጥነት ወፈር ያለ ሊሻል እንደሚችል ይናገራል። እኔ ወፍራምን አልጠላም። የጠላሁት ሳይጠይቁ ማፍሰሱን ነው።

«ለአንድ ዘይት ይኼ ሁሉ ጩኸት?» ካላችሁ፣ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 ከመቶ ጣለ። በጥር 2016 መንግሥት ኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ፣ ሶማሌ ተራ ያለው መለዋወጫም አብሮ ዘለለ። ትርጉሙ ግልጽ ነው። ዛሬ በእጃችሁ ያለችው ቪትዝ ተተኪ የላትም። (ኤሌክትሪክ የገዛችሁ የሞተር ዘይት የሚባል ነገር አያገባችሁም፣ በሰላም እለፉ።) ሌሊት ከቀን ሜትር ታክሲ ሠርቶ አራት ቤተሰብ የሚያስተዳድረው የሰፈራችን ልጅ ሞተሩ ሲወርድበት የሚቆመው መኪናው ብቻ አይደለም፤ የቤት ኪራዩም ነው። የእሱ ሞተር በቀን ስንቴ ቀዝቅዞ ስንቴ እንደሚነሳ ሳይጠይቅ «ወፍራሙን ጨምርበት» የሚል ሰው ደግሞ ሞተሩ ሲወርድም ሂሳብ ይቀበላል።

ለሻጮችና ለደላሎችም መልእክት አለኝ። ሞተሩን በወፍራም ዘይት አፍናችሁ፣ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ግማሽ ሰዓት አሙቃችሁ «ድምፁን ስሚው፣ ስፌት መኪና በይው!» ማለታችሁን እናውቃለን። ገዢዎች ሆይ፣ ቀጠሮ የያዛችሁት ለአራት ሰዓት ከሆነ በአንድ ሰዓት ሂዱ። ምንም ሳትናገሩ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አሳርፉ። ሞቅ ካለ «ነገ ጠዋት ሳይነሳ እመለሳለሁ» በሉና ተመለሱ። ከዚያ የዘይት መለኪያዋን መዝዛችሁ ጠብታውን ተመልከቱ፤ እንደ ማር እየተንጠለጠለ አልወርድም ካለ የተደበቀ ነገር አለ ብላችሁ ጠርጥሩ።

ከጋራዦች የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ላብራቶሪ አላልንም፣ ኮምፒውተር አላልንም። ዘይት በቀየራችሁ ቁጥር አንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጻፉልን፤ የዘይቱን ሁለቱን ቁጥሮች፣ በጀርባው ያሉትን ሁለት ፊደላት፣ መኪናዋ የደረሰችበትን ኪሎ ሜትር። ኮፈኑ ሥር ለጥፉልን። ደንበኞችም ብትሆኑ «ድምፁን አጥፋልኝ» ብላችሁ አትሂዱ፤ «ድምፁ ምንድን ነው?» ብላችሁ ሂዱ፣ ወረቀቷ ካልተጻፈችም ሂሳብ አትክፈሉ። እስክሪብቶ የለንም የሚል ጋራዥ ካለ እኔ ሁለት አሉኝ፣ አንዱን እሰጣለሁ።